ለመሆኑ የክርስትና ስምዎ ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በአንባቢያን ደብዳቤ ገጻችሁ ላይ አንድ ወንድም ስለ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤቶች የጻፉትን አነበብኩ። ለአንዲት የክርስትና ምስክር ወረቀት ሦስት ቀን ተመላለስኩ ይላሉ። ጸሐፊዋ ቡናዋን እየጠጣች መዝገብ ስታገላብጥ ቆይታ «ነገ ይምጡ» አለችኝ ነው የሚሉት። የደብሩን ስም አልጠቀሱም። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ደብር ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ያቺ ሴት እኔ ልሁን ሌላ፣ አላውቅም። ቡናውን ግን አልክድም። ያውም የዘጌ ቡና ነው።

መዝገብ ማገላበጥ የተባለውን ነገር ግን እስቲ ላስረዳቸው። ባለጉዳይ የሚያየው በመስኮቱ በኩል ፊቴን ነው። ከጀርባዬ ያለውን ቁም ሣጥን አያየውም።

ቁም ሣጥኑ የብረት ነው። አንዱ በሩ በወንበር ካልተደገፈ አይዘጋም። ውስጡ የክርስትና መዝገቦቹ አሉ። ትልልቅ ጥራዞች ናቸው፤ አንዱን አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ራሱ ወገብ ይፈልጋል። አንደኛውን ምስጥ ከግርጌው በልቶታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ገጽ የመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ሕፃናት የሉም። የዚያ ዘመን ሰው ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጸልየው ስሙ ከገጹ ራስጌ እንዲሆንልኝ ነው። ሌላው ጥራዝ አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶበት ገጾቹ ተጣብቀዋል። በቢላ ጫፍ ቀስ እያደረግሁ ነው የማላቅቃቸው። ሐምሌና ነሐሴ ጣና ዳር ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ ውሃ ያዝላል።

አንዳንዴ ይገርመኛል። ከግቢያችን ወጣ ሲሉ ሐይቁ ይታያል። ወዲያ ማዶ ክብራን ገብርኤል አለ። ሴት ስለማይገባበት እኔ ያየሁት ከጀልባ ላይ ሆኜ ነው። በጣና ገዳማት ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የብራና መጻሕፍት አሉ። ሥዕላቸው እንኳ ቀለሙ አልደበዘዘም ይላሉ ያዩት። እኛ የ1970ዎቹን ወረቀት ማቆየት አቃተን። ይህንን ለአንድ መሪጌታ ባጫውታቸው «ልጄ፣ ወረቀት የዛፍ ልጅ ነው። ከምስጥ ጋር ድሮም ይተዋወቃሉ» ብለው ሳቁብኝ።

ወንድሜ «ስሜን ነግሬያታለሁ፣ ታዲያ ምን ቸገራት?» ይላሉ። የቸገረኝ ይኸው። መዝገቡ በፊደል ተራ የተደረደረ አይደለም። በቀን ነው የሄደው። «1985 ገደማ ነው መሰለኝ» የሚለኝ ሰው ያንን ዓመት ሙሉ፣ አንዳንዴም ከፊቱና ከኋላው ያለውን ዓመት ጭምር በጣቴ አስነብቦኝ ነው የሚሄደው። ደግሞስ ስም ሲባል የትኛው? በመታወቂያዎ ዳዊት ሊሆኑ ይችላሉ። በድሮው መዝገብ ግን ገብረ መድኅን ነዎት። የቤት ስምዎ ጭራሽ ያልተጻፈበት ገጽም አለ። ስለዚህ «የክርስትና ስምዎ ማን ነው?» እላለሁ። ይኼኔ ብዙው ሰው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። «ገብረ… ገብረ ማን ነበር?» ይለኛል። ገብረማ ግማሹ ሀገር ነው።

ስሙ ወደ መዝገቡ የሚገባበትን መንገድም ልንገርዎት። እኛ ዘንድ ክርስትና ብዙ ጊዜ ማለዳ ነው። እኔ ያን ሰዓት ቢሮ አልገባሁም። ዲያቆኑ በብጣሽ ወረቀት ይጽፍልኛል። የሕፃኑ ስም፣ የክርስትና ስም፣ አባት፣ እናት፣ የክርስትና አባት ወይም እናት፣ ያጠመቁት ካህን። ሕፃኑ እያለቀሰ፣ አያት እልል እያለች፣ አጎት በሞባይል እየቀረጸ የተጻፈ ወረቀት ነው። ውሃ ይነካዋል። አንድ ቀን «ወለተ ሰ» ብሎ ቀሪው ፈስሶ መጣልኝ። ወለተ ሰንበት ትሁን ወለተ ሰማዕት? ስልክ የለ፣ አድራሻ የለ። ዲያቆኑም አላስታወሰውም፤ ያን ቀን ሰባት ሕፃናት ነበሩ። ሁለት እሑድ በር ላይ ቆሜ ሕፃን የታቀፈችውን ሁሉ ስጠይቅ ዋልኩ። በሦስተኛው እሑድ እናቲቱን አገኘኋት። ወለተ ሰንበት ናት። ልጅቱ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ደርሳለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ በክርስትና ስሟ እጠራታለሁ፣ ከጓደኞቿ ፊት ታፍራለች።

ከሥራዬ ሁሉ የሚጣፍጠኝ ቀን መቁጠር ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ከእናቱ ጋር መጣ። ወረቀቱን ለውጭ ጉዞ ነው የፈለገው። መታወቂያው ላይ የልደት ቀኑ መስከረም 1 ይላል። የኛ ሀገር ሰው ግማሹ መስከረም 1 ነው የተወለደው መቼም። እናቲቱ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ምን መስከረም አመጣው? እኔ አይደለሁ እንዴ የወለድኩህ! በበዓታ ዕለት ነው። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ብቻዬን ነው ምጥ የያዘኝ» አሉ። ልጅየው «እማዬ፣ አሁን እሱን ተይው» ይላል በሹክሹክታ። ዓመቱን እማማ ያውቁታል፤ ባላቸው የሞቱበት ዓመት ነው። መዝገቡን አወረድኩ።

ገጹ ላይ የልደት ቀን የለም። ያለው ክርስትና የተነሣበት ቀን ብቻ ነው፤ ጥር 12። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ከጥር 12 ቀን። ከታኅሣሥ 28 ቀን፤ በድምሩ 40። የኛ ወር ሠላሳ ስለሆነ አያስቸግርም። ጣቴ ታኅሣሥ 3 ላይ ቆመ። ታኅሣሥ 3 በዓታ ለማርያም ናት። እማማ ምንም አልተናገሩም። ልጃቸውን በክርናቸው ጎሸም ብቻ አደረጉት።

ያን ቀን ወረቀቱን በሃያ ደቂቃ ነው ያዘጋጀሁት። እናቱን ይዞ መጥቶ ነዋ።

ጉዳዩ ግን በዚያ አላለቀም። ሰውየው በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ወረቀቱን ያስገባበት መሥሪያ ቤት የአያትህ ስም አይገጥምም ብሎ መለሰው። መዝገባችን ላይ በብዙኃኑ ኀ «ኃይሉ» ነው። መታወቂያው ላይ በሃሌታው ሀ «ሀይሉ» ነው። ሁለት የተለያየ ሰው ነው ተባለ። መሪጌታ ቢሰሙ ኖሮ ሁለተኛው ሰውዬ ኃይል የለውም ይሉ ነበር። ምን ይደረግ፣ «ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱ ስሞች የአንድ ግለሰብ መጠሪያ መሆናቸውን እየገለጽን» የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በቃሌ ነው የማውቀው፤ ተኝቼም እጽፈዋለሁ። ግን ደብዳቤ መጻፍ አንድ ነገር ነው። ወጪ መዝገብ ላይ ቁጥር ያወጣል። አለቃው ይፈርማሉ፣ የስማቸው ቲተር ይመታል፣ ማኅተም ይደረጋል። አለቃው ደግሞ ያን ዕለት ፍትሐት ላይ ነበሩ። ወንድሜ፣ ጸሐፊ «ነገ ይምጡ» ስትል ብዙ ጊዜ አለቃው ለቅሶ ናቸው ማለቷ ነው። የሰው ቀብር አቋርጠው ይፈርሙልኝ አይባልም።

ይህን ያህል ሰው የክርስትና ወረቀት ለምን እንደሚፈልግ የማይገባቸውም አሉ። ዛሬ የሚወለድ ሕፃን ቀበሌ ይመዘገባል። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደው ለብዙው ሰው ግን ሲወለድ አካባቢ በቀለም የተጻፈለት ነገር ቢኖር የኛ መዝገብ ነው። ሐኪም ቤት አልተወለደም። እናቱ ቀኑን የምታውቀው በታቦት ነው። ስለዚህ ለጡረታውም፣ ለውርሱም፣ ለፓስፖርቱም እኔ መስኮት ላይ ይሰለፋል። ካህን ያልሆንኩ፣ ዳኛ ያልሆንኩ፣ አንዲት ጸሐፊ።

«ኮምፒውተር የላችሁም ወይ?» ብለዋል ደግሞ። አለን እንጂ። እኔ ስቀጠር ጠረጴዛው ላይ የነበረው ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ነበር፤ ሲመታ ቅዳሴ ይረብሻል እየተባለ መስኮት እዘጋ ነበር። ኋላ አንድ ምእመን ኮምፒውተር ለገሱን። ደስ ብሎኝ መዝገቡን መገልበጥ ጀመርኩ። ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ። ያ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ፋይሉን በአዲሱ ላይ ስከፍተው የሕፃናቱ ስም ሁሉ የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተደረደረ። ገብረ መድኅንም ወለተ ሰንበትም አንድ ዓይነት ዝብርቅርቅ ሆኑ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ። አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ናት ሁለት ወር ደክማ ወደ አሁኑ ፊደል የመለሰችልኝ። አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ስም ቶሎ ይገኛል፤ መብራት ካለ።

ወንድሜን ከሁሉ ያስቆጣቸው ግን የሰበካ ጉባኤ፣ ማለትም የደብሩ ካህናትና ምእመናን ጉባኤ፣ አባልነት መጠየቃቸው ነው። «ሃይማኖት በካርድ ሆነ ወይ?» ብለዋል። የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። በ1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያን መሬት ሄደ። ሰበካ ጉባኤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965፣ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በቃለ ዐዋዲ ደንብ ተቋቁሞ ነበር። አቡነ ቴዎፍሎስ የኛው የጎጃም፣ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው። አለቃችን ይህንን ሳይናገሩ ስብሰባ ዘግተው አያውቁም። መሬቱ ከሄደ ወዲህ የካህናቱ ደመወዝ፣ ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ የመብራቱ ሂሳብ፣ የኔም ደመወዝ የሚወጣው ከምእመን እጅ ነው። መዋጮው ካልተመዘገበ ደግሞ ማን ምን እንደሰጠ አይታወቅም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን እውነቱን ልናገር። አንድ ሰው ገና ከመግባቱ «ከፍለሃል ወይ?» መባሉን እኔም አልወደውም። መጀመሪያ «እንደምን አደሩ» ነው የሚባለው። ብዙ ጽሕፈት ቤቶች እዚህ ላይ ያጠፋሉ። እኔም ሥራ ሲበዛብኝ አጥፍቻለሁ። በዚህ ወንድሜ ልክ ናቸው።

ስለ ገንዘቡ ካነሣሁ ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት አንድ ቀን መጥተው ቢያዩ ደስ ይለኛል። የንግሥ ማግስት ነው። ሣጥኑ በኮሚቴው ፊት ይከፈትና ምንጣፍ ላይ ይዘረገፋል። ብሩ ተጣጥፎ ተጣጥፎ የጥፍር ያህል ሆኗል፤ አንድ በአንድ ይዘረጋል። አንዳንዱ የጧፍ ሰም ይዞታል፣ አንዳንዱ በመሐረብ ጫፍ እንደተቋጠረ ነው የገባው። ሽማግሌዎቹ ሳንቲሙን በአሥር በአሥር ይከምራሉ፣ ሲሳሳቱ ይጨቃጨቃሉ፣ እንደገና ይቆጥራሉ። ለብቻዋ የምትቀመጥ የጆሮ ወርቅ ትገኛለች፤ የስለት ናት፣ ንብረት ክፍል ገብታ ሞዴል 19 የሚባለው የገቢ ደረሰኝ ይቆረጥላታል። በ2013 ብር ሲቀየር ቀነ ገደቡ ካለፈም በኋላ የድሮው መቶ ብር ከሣጥኑ ይወጣ ነበር። ከፍራሽ ሥር ቆይቶ ሲገኝ ባንክ አልቀበል ያለውን ለእግዜር የሰጠ ሰው ነው። እሱም ተቆጥሮ «የማያገለግል» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። የማሰፍረው እኔ ነኝ። ማታ ቤቴ ስገባ እጄ ዕጣን ዕጣን ይላል።

የጥር ወርን ባልነካው ይሻለኛል። የሠርግ ወረቀት፣ የተክሊል ወረቀት፣ ሐሙስ መጥተው ለእሑድ ሠርግ መሸኛ የሚጠይቁ ሙሽሮች። ከነሱ ፊት ደግሞ ከተራ አለ። ለፖሊስ ደብዳቤ፣ ለከተማው አስተዳደር ደብዳቤ፣ ለድንኳኑ፣ ለድምፅ ማጉያው፣ በታቦቱ ፊት ምንጣፍ ለሚያነጥፉት ወጣቶች ባጅ። በየዓመቱ ባጅ ያልደረሰው ልጅ በመጨረሻዋ ሰዓት ይመጣል። በዚህ ምክንያት እልልታውን ከቢሮ ውስጥ ሆኜ ነው የምሰማው። ታቦቱ ከመንበሩ ሲወጣ ያየሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ልንገርዎት። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። የማላውቃት ሴት ናት። «እትዬ፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩሽ። አባታችን ዐርፏል። ካህናቱ የክርስትና ስሙን ጠየቁን። ማንም አያውቅም» አለችኝ። ድምፅዋ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው። እናታቸው ቀድመው ሞተዋል። የንስሐ አባታቸውም ሞተዋል። ፍትሐት ላይ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ ሰባት ልጅ ወልደው፣ ድረው ኩለው፣ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ ጠፋ።

ቤቴ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። ጋቢ ደርቤ ወጣሁ። ዘበኛውን ቀሰቀስኩ። መብራት ጠፍቷል። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፤ ወንበሩ ወድቆ ዘበኛው ደነገጠ። ሰውየው የተወለዱት ገጠር ነው፤ የክርስትናው መዝገብ ላይ አይኖሩም። ግን የሰበካ ጉባኤ አባል ነበሩ። ያ ወንድሜ የተናደዱበት ካርድ አለ አይደል? ሰው ሲመዘገብ አንድ ቅጽ ይሞላል። የሳቸውን ከካርቶን ውስጥ አገኘሁት። በራሳቸው እጅ ነው የሞሉት፤ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ጽሕፈት ነው፣ ጉልህ፣ ነጥቡ እንኳ ያልጠፋ። የክርስትና ስም በሚለው መስመር ላይ «ኃይለ ጊዮርጊስ» ይላል።

ደወልኩላት። «ኃይለ ጊዮርጊስ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ለቤቱ ሰው ጮክ ብላ ነገረች። ከወዲያ በኩል «ማን? ማን?» የሚል ይሰማኛል። እሷ «ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ» ትላለች፣ ገና ዛሬ እንዳወቀችው ሰው። ስልኩን ሳትዘጋው ነው ወደ ካህናቱ የሄደችው። እኔም አልዘጋሁትም። ጨለማ ውስጥ ቆሜ ሰማሁ፤ ስሙን ለካህኑ ስትሰጣቸው፣ ካህኑም ሲቀበሏት።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ እናትዎ በሕይወት ካሉ ደውለው የክርስትና ስምዎን ይጠይቋቸው። የራሳቸውንም ይጠይቁ። የት ደብር፣ በየትኛው ዓመት፣ የክርስትና አባትዎ ማን እንደነበሩ ይጻፉት። ሞባይልዎ ላይም ቢሆን ይጻፉት። ልጅ ክርስትና የምታስነሡም፣ ለዲያቆኑ ስሙን ረጋ ብላችሁ ንገሩት፤ ስልክ ቁጥራችሁን ጨምሩበት።

አንድ የቀረ ነገር አለ። መሳቢያዬ ውስጥ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ባለቤቱ ያልወሰደው የክርስትና ምስክር ወረቀት ተከምሯል። ትናንት ቆጠርኩት፤ አርባ ሦስት ነው። ብዙዎቹ ላይ የሕፃን ጉርድ ፎቶ ተለጥፏል፤ አንዱ እያዛጋ ነው የተነሣው። የትልልቅ ሰዎችም አለበት። በሁለተኛው ቀን ተናደው የቀሩ፣ እኔ ደግሞ በሦስተኛው ቀን አግኝቼ ያዘጋጀሁላቸው ናቸው። የርስዎ ደብር የኛ ከሆነ ወረቀትዎ ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አለሁ። ቡናም ይኖራል። ረቡዕን ብቻ ይተዉት፤ አለቃው ወረዳ ቤተ ክህነት ስብሰባ ስላላቸው ፈራሚ የለም።

የአንድ ደብር ጸሐፊ
ከባሕር ዳር